አውራ ጣት

ሰኔ ነው። ኮቺ ሰፈር ዝናብ ሲደበድበን አድሮ
አቮካዶው ይጠብቀኛል፣ አንድ ክንዱ ተሰብሮ።
እጎትታለሁ እያለከለክሁ፣ ከአጥሩ ሥር ላኖረው፣
እኔ ጡረተኛ ሒሳብ ሹም፣ ብር ነበር የምደምረው፤
አሁን ቅርንጫፍ ደምሬ ሚዛኑ አልዘጋ አለኝ፣
ገቢው በየሌሊቱ ሞልቶ፣ ወጪው ነው የጠፋኝ።
"ቁረጠውና ተገላገል" ይሉኛል። እንዴት ይቆረጣል?
ፍሬው ሲደርስ የሰፈሩ ልጅ ከሥሩ መች ይጠፋል?

ላቃጥለው ብል እርጥብ ነው፤ ጭሱ አጥር ዘሎ ይሄዳል፣
የጎረቤቴ የተሚማ ልጅ ሌሊቱን ሲያስል ያድራል።
አንድ ማታ መጣች። አልተቆጣችም።
ስለ ጭሱ አንዲት ቃል አላነሳችም።
የልጇን የአስም መንፊያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው፣
ስትወጣ፣ ረስታ ይሁን አውቃ፣ እዚያው ተወችው።

ባለጋሪ ልጥራ ብል፣ ሁለት መቶ ብር ተቀብሎ
አዌቱ ድልድይ ላይ ይደፋዋል፣ "ወንዙ ይወስደዋል" ብሎ።
ወንዙስ ስንቱን ይሸከም? የላይ ሰፈር ግንድ ሲልክለት፣
የታች ሰፈር ፌስታሉን፣ እኔ ደግሞ አቮካዶ ልጨምርለት?

እና ደብተሬን በብብቴ፣ ሄርማታ መርካቶ ወጣሁ፣
ለቤት የሚሆን፣ ርካሽ የቅርንጫፍ መፍጫ ፈለግሁ።
ሙስባህ የሚባል ወጣት፣ በውሃ ፓምፖች መሀል ቆሞ፣
አንዲት አረንጓዴ አወጣልኝ፣ ከነላስቲኳ ተሸክሞ።
"ስንት?" ነገረኝ። የአምስት ወር ጡረታ።
ሳል መጣብኝ፤ ሳልኩ፤ ቆየሁ ለአፍታ።
"ምን ያህል ውፍረት ትበላለች?" አውራ ጣቱን አቆመልኝ።
"እርጥብስ?" "አይ አባባ፣ ደረቅ ብቻ" አለኝ።
ደረቅ!
ልጄ፣ አንተ የተወለድከው እውነት ጅማ ነው?
ከጥቅምት በፊት እዚህ አገር ደረቁ ነገር የቱ ነው?
ጨው ከብልቃጡ ይላቆጣል፣ ጫማ ሣጥን ውስጥ ጢም ያበቅላል፣
የሠርግ ፎቶዬ እንኳ ከመስታወቱ ሥር ሻግቷል።

ወደ አጂፕ ወረድኩ። ናስር አባፊጣ፣ በያጁ፣
በግማሽ ዋጋ ይሠራል አሉ፣ ወርቅ ነው እጁ።
ሞተሩ ከወፍጮ ቤት የተጣለ፣
ምላጩ ከአሮጌ ኤንትሬ ባሌስትራ የተሳለ፤
ሲያስነሳው መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣
የባሕር ዛፍ አጣናውን እንደ ሸንኮራ ዋጠ።
"እስከ ምን ድረስ ይበላል?" ጮህኩ በሞተሩ ላይ።
ናስር ቀኝ እጁን አነሳ፣ ውፍረቱን እንዳይ።
አራት ጣት ተነሳ።
አምስተኛው ቦታ ጠባሳ።
እጁን ኪሱ ከተተ። ሞተሩን አጠፋ።
"ክዳን ልሠራለት ነበር" አለ፣ "ላሜራው ጠፋ።"

ሌሊቱን ደብተሬን ከፍቼ፣ ምንም ሳልጽፍ ነጋ።
ጠዋት መንፊያውን ይዤ አንኳኳሁ፣ ተሚማ በር ጋ።
"ግማሹን ከዕቁቤ" አለች፣ ሳልጨርስ ንግግሬን፤
ሙስባህ ጋ ተመለስኩ፣ ለውጬ ጥያቄዬን።
ምን ያህል ትበላለች አላልኩም፤
"ክዳኗ ሲከፈት ትቆማለች?"
ከፈተው። ቆመች። ሌላ አልጠየቅሁም።
ውሸት ነው፤ ምላጩ በሁለት ወገን ይሠራል ወይ ብያለሁም፣
ሦስት መቶ ብር አስቀንሻለሁም፤ ሒሳብ ሹም ነኝ፣ አልተውኩም።

አሁን ከጣራው ክፈፍ ሥር ጭራሮው ተዘርግቶ ይደርቃል፣
መብራት ያለ ቀን ይፈጫል፣ እንሰቱ ሥር ይነጠፋል።
የማሽኗ ገመድ አጥር ዘሎ ይሄዳል፣ ጭሱ በዘለለው በኩል፤
ሳምንት እኔ ዘንድ፣ ሳምንት እሷ ዘንድ፣ እኩል በእኩል።
ወፍራሙ አያልፍም። ወፍራሙን በገጀራ እለያለሁ፣
አንዱን ጉማጅ አስቀርቼ፣ መብራት ሲሄድ እቀመጥበታለሁ።

የተሚማ ልጅ፣ ረምዚ፣ መራጭ ነኝ ብሎ ተሹሟል፣
እያንዳንዷን እንጨት አንስቶ ከአውራ ጣቱ ጋር ያስተያያል።
የስድስት ዓመት ጣት! ከመቶው ዘጠናውን ይጥላል፤
"ይሄ ወፍራም ነው፣ አይገባም" ይላል።
ያቺን ጣት አያታለሁ፣
"ልክ ነህ" እለዋለሁ።