ወደ ግራ የሮጠው

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ውጭው ያካፋል፣
የብረት ፋብሪካው ጭስ ሐይቁ ላይ ይንሳፈፋል።
መጠጥ ቤቴ ሞልቷል፤ አንድ ወንበር አልቀረም፣
ለሆኪ ፍጻሜ እንኳ ይህን ያህል ሰው አልነበረም።
ሃሚልተን በቴሌቪዥን ልትታይ ነው ዛሬ፣
ኒው ዮርክ ነኝ እያለች፣ ተኳኩላ፣ ይቺው ሰፈሬ።

ባለፈው መጸው መጡ፤ ታክሲውን ሁሉ ቢጫ ቀቡ፣
የጎዳናችንን ስም ነቅለው የማናውቀውን አስነበቡ፣
ድልድያችንን በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልለው፣
ሦስት ሳምንት መንገድ ዘጉ፣ «ይቅርታ» የሚል ወረቀት በየበሩ ጥለው።
ይኸው በሚያዝያ የመጀመሪያው ክፍል ደረሰ፣
ጀግናው ካባውን አንጠልጥሎ ከደመና ፈሰሰ።

«ካባው መጋረጃ ነው» አለች ፊዮና፣
«የአክስቴ ሳሎን መጋረጃ፣ ያውም ሳይተኮስ ገና።»
ኦርቪል፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እቶን ያቀለጠው፣
ጀግናው የጋለ ብረት በባዶ እጁ ሲይዝ ሳቅ አመለጠው፤
«ጓንት የለው፣ መነጽር የለው! በእኛ ጊዜ ቢሆን ኖሮ
አለቃ ይሸኘው ነበር፣ ደሞዙን ቆጥሮ።»
የማርጎ ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «ሲበር ገመዱ ይታያል» አለ፤
«የት? የቱ ጋ?» ብሎ አንዱ ከወንበሩ ዘለለ፤
ውርርድ ተያዘ፤ አምስት ዶላር ጠረጴዛ ላይ ዋለ።

ካርሜሎ አልተነፈሰም። ሃያ ሁለት ቁጥርን ነው የሚነዳው።
ጀግናው አውቶቡሱን ከድልድዩ ጫፍ በአንድ ክንድ ሲያነሣው
ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ እሱ ግን ግንባሩን ቋጠረ፤
«በሩ ክፍት ነው» አለ፣ «በር ሳይዘጋ ማን አሽከረከረ?»

የኦርቪል የልጅ ልጅ፣ ዴዝሞንድ፣ ጣቱ በኬቻፕ የቀላ፣
«ሰዎቹስ?» ብሎ ጠየቀ፣ «አውቶቡሱን አስቀምጦ ከሄደ በኋላ
ማን ያደርሳቸዋል ቤታቸው?»
ማንም አልመለሰ።
«እኔ» አለ ካርሜሎ፤ ሎሚናዳውን ጨለጠና አፉን አበሰ።

ዝላታ ጥግ ላይ ነበረች፤ ወይኗን አልቀመሰችም፣
ስለ ካባው፣ ስለ ገመዱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።
ድንገት ወንበሯ ወደቀ።
«መልሰው! ወደ ኋላ መልሰው!»
ሪሞቱ በእኔ እጅ ነው። መለስኩት። ሕንጻው ይናዳል፤ ይጮሃል ሰው፤
አራት መቶ ሰው ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ እንደታዘዘው
(ቀኑን ሙሉ «ወደ ቀኝ!» ሲሉ ነበር በድምፅ ማጉያ፣
ለሯጭ ሁሉ ምሳና ጥቂት ዶላር፣ የኪስ መሙያ)፤
አንድ ሰው ግን፣ ቡናማ ቆብ፣ የምሳ ዕቃ በብብቱ፣
ወደ ግራ ይሮጣል፣ በዚያ በማይታጠፍ ጉልበቱ።

ድራጎ።

በጥር ነው የቀበርነው፤ መሬቱ ጠጥሮ እንደ ብረት፣
ቄሱ ገጽ መግለጥ እስኪያቅተው በዚያ ወፍራም ጓንት።
ሁለት ሰከንድ ነው የሚታየው። ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ፣
ካሜራ እንዳታዩ ተብለው ሳለ፣ ፈገግ ብሎ።

«የት ነው የሚሮጠው?» አለ ዴዝሞንድ።
ዝላታ ሳቀች፤ ከቀብሩ ወዲህ ሳቋን ሰምተን አናውቅም፤
«መኪናው ጋ ነዋ! የማቆሚያው ሰዓት አልቆበት። ግን አልደረሰም።
ደብቆኝ ኖሯል። ቅጣቱን እኔ ነኝ የከፈልኩት፣ በየካቲት፣
ሃምሳ ዶላር ከነወለዱ፣ እሱ በሞተ በሦስት ሳምንት።»

ከዚያ «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። አሁንም ድገመው።
ዘጠኝ ጊዜ ይሆናል፤ ማን ቆጠረው።
ከኋላው፣ ደብዘዝ ብሎ፣ በራሪው ዓለምን ያድናል፤
ማን ልብ ብሎት? ቤቱ በሙሉ ቆቡን ያያል።
ስለ ገመዱ የተወራረዱትም
አምስት ዶላሩን ጠረጴዛው ላይ ረሱት።

ሲመሽ ካርሜሎ አደረሳት፤
የመኪናውን በር ዘጋው፣ ከፈተው፣ ደግሞ ዘጋው።
ክፉው ሰው ይሙት ይትረፍ እስከ ዛሬ አላውቅም፣
መጨረሻውን ያየ ሰው በዚያ ቤት የለም።
ጠዋት ፖስተኛው ደብዳቤ ይዞ ገብቶ
«ጀግናው እንዴት ነው? ወደድከው?» ቢለኝ፣
«ጥሩ ነው» አልኩት፣
«ትንሽ ያነክሳል።»