ሁለት ነጥብ

ኪቶ ፉርዲሳ፣ ላብራቶሪ ሦስት፣ ማታ፤
ጣሪያው ላይ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲመታ፣
ዙልፋ ጠራችኝ፦ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አሾፈብኝ፤
ትናንት በእጄ ጭኜው ዛሬ ‹የለም› አለኝ።»

አየሁት። ፋይሉ አለ፤ ማህደሩ ውስጥ ተኝቷል፣
ስሙም አልተሳተ፣ መጠኑም ሞልቷል።
ማሽኑ ግን በስም ሲልኩት የሚሄደው
በተነገረው በር ነው፤ ሌላ በር አይገደው።

«ባጃጅ ነው» አልኳት። «ከአጂፕ ተሳፍረሽ
‹ሰልማን ልብስ ሰፊው ጋ› ብለሽ ነግረሽ፣
አራት ሰፈር ብቻ የሚያውቅ ሹፌር ቢሆን
ዞሮ ዞሮ ‹የለም› ይላል ሰልማንን፤
ሰልማን ግን ቆጪ ላይ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣
የሰው ሱሪ ያሳጥራል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

«ደግሞ ሂርማታ ሌላ ሰልማን አለ፣
ዓይኑ የደከመ፣ እጅጌ ያጣመመ፤
ሹፌሩ ሂርማታን ካስቀደመ
እዚያ ያወርድሽና ‹ይኸው› ብሎ ይሄዳል።
ስሙ ትክክል ነው።
ሰውየው ግን አይደለም።»

ሳቀች። «የቆጪን መንገድ ጨምሪበት» አልኳት።
ጻፈች፤ ነባሩን ሳትይዝ፣ አዲሱን ብቻ።
መስኮቱ ሁሉን ረሳ።
ዘርዝር ብትለው «አላውቅም»፣
ቅዳ ብትለው «አላውቅም»፤
አንድ ሰፈር ልናስተምረው
ከተማውን አስረሳነው።

መስኮቱን ዘጋሁት። ያልተጻፈ ስህተት
ከመስኮቱ ጋር ይሞታል፤ ይኼ ነው በረከት።

እንደገና። አሁን ነባሩን በምልክቱ ጠርታ፣
አዲሱን ከኋላው አስከትላ መታ፣ መታ።
«የለም።»
ተጠግቼ አየሁ። ያንዱ ጫፍ ካንዱ ራስ ተጣብቆ
አንድ ረጅም፣ የትም የሌለ ጎዳና ወጥቷል፤
መርካቶቆጪ የሚባል ሰፈር ጅማ ላይ ማን ያውቃል?

«ሁለት ነጥብ» አልኳት።
አባቴ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አባ ሜጫ፣
በታይፕ ዘመኑ፣ ከቃልና ቃል መሃል
ሁለት ነጥብ ሳይመታ ጣቱ አያልፍም ነበር።
«ቃል ከቃል ካልራቀ» ይለኝ ነበር፣ «ይጣላል፤
ጎረቤት በአጥር ነው የሚከባበር።»
እኔ ሳቅኩበት። ባዶ ቦታ ይበቃል ብዬ
ከደብተሬ ያወጣሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤
ይኸው ዛሬ፣ በሰው ልጅ ጣት፣
የጣልኩትን ስለምነው።

መታችው። ሁለት ጥቃቅን ነጥብ፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣
ከጣሪያ ቀዳዳ ተከታትለው
ሊወርዱ እንዳሉ ጠብታዎች።

ተገኘ።
ስሙን ተናገረ፣ የእትሙን ቁጥር አስከትሎ።

ዙልፋ ቦርሳዋን አነሳች። «ነገ ስከፍተው ያስታውሳል?»
«አያስታውስም» አልኳት፣ «እንዲህ በቃል ብቻ ከተውነው።
ሁሌ ጠዋት የሚያነበው አንድ ወረቀት አለው፤
እዚያ ካልሰፈረ...»

ቦርሳዋን መልሳ አኖረች።
ከግቢው ውጭ አንድ ባጃጅ ጡሩምባ ይነፋል፣ ይነፋል፤
የነገረችው በር ሌላ ነው መሰለኝ።