ሁለተኛ ቤት ፍለጋ

ከየጁቤ ወጣ ብሎ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣
የዓባይ ድምፅ እየተሰማ፣ ውሃው ግን ሳይታይ፣
አንድ ቤተሰብ አለ፣ ጀንበር ጥልቅ ስትል
ዓይኑ እንደ ሱቅ በር ግጥም የሚል።

ትንሿ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤
በቀን ክሩን በመርፌ ዓይን ባንዴ የምታሾልከው፣
ሲመሽ መቃኑን በእጇ ትፈልጋለች፣
«መብራቱን ማን አጠፋው?» ትላለች።
መብራቱ በርቷል።
ስሟን ያወጡላት፣ ይታይሽ።

አያቷ እንዲሁ ነበሩ፤ የአጎቷም ልጅ ይኸው፤
ሰፈሩ ዳፍንት ይለዋል፣ ጉበት ነው መድኃኒቱ ብትጠይቀው።
ጉበቱን በሉ። ፀበሉን ጠጡ። እኛም ቫይታሚን ሰጠናቸው።
ምሽቱ ግን አንዲት ክር አልሳሳላቸው።

እኔ ደብረ ማርቆስ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለች ክፍል፣
መብራት በሄደ ቁጥር ለፍሪጁ ስለት የምሳል፣
ደማቸውን አስነበብሁ፤ ከሦስት ቢሊዮን ፊደል መሃል
አንዲቷ ጠፍታለች፣ እንቅልፍ የጣለው ቁም ጸሐፊ እንደ ዘለላት ቃል።
ይህቺ ትሁን ሌላ፣ ብቻዬን መፍረድ አልቻልሁም፤
ባንድ ምስክር ነፍስ አይጠፋም፣ ባንድ ቤተሰብም አይማልም።
ቅኔ የቆጠረ ያውቀዋል፦
ብቻውን የቆመ ቤት፣ ቤት አይመታም።

ስለዚህ ጻፍሁ።
«ለማታውቁኝ ሰዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።
እናንተ ዘንድ ቀን እያየ ማታ የሚታወር፣
ይህቺ ፊደል የጎደለችው ሰው ካለ ንገሩኝ።
ገንዘብ የለኝም። ያለኝ አሥራ አራት ብልቃጥ ደም፣
አንድ የዘር ሐረግ፣ ጥቂት ትዕግሥት ነው።
ስሜን ከሁሉም በኋላ ጻፉት።»

ወደ አንካራ ላክሁት፣ ወደ ላሆር፣ ወደ ሊማ።
አንዱ «ደሙን ላኪው፣ ቀሪውን ለኛ ተይው» አለ፤ ሌላው ጭራሽ እንዳልሰማ።
አንዷ «መልካም ዕድል» ብላ ሸኘችኝ፣
በር ላይ ለቆመ ለማኝ «እግዜር ይስጥህ» እንዲሉ፤ አልከፋኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መልስ መጣ፤
የላሆር መስሎኝ፣ ከሻምቡ ነው ለካ የወጣ፤
ከዓባይ ማዶ፣ ሰማዩ ሲጠራ
ካፋፉ ከሚታየን ተራራ።
የዓለሙን በር ሳንኳኳ፣ ጎረቤቴን ዘልዬ!

«ሶሬቲ እባላለሁ። እኔም ዘንድ ቤት አለ፣ ሲመሽ በግድግዳ የሚመራ፤
ፊደሏም ያችው፣ ጉድለቷም እዚያው ስፍራ።
ጎጃም ዘመድ አለን የሚል ግን አላገኘሁም፤
እስቲ ጠይቂልኝ፣ ከእናንተ የተሻገረ የለም?»

ወረድሁ።
አያ ምንይችል ዘጠና ሊደፍኑ ነው፣ ዓይናቸው ከጠፋ ሠላሳ ዓመት፤
ሰው ሰባት ቤት ይቆጥራል፣ እሳቸው አሥራ ሁለት።
በጃንሆይ ጊዜ ለርስት ሙግት ችሎት የቆሙበትን የዘር ቁጥር
እንደ ዳዊት ደገሙልኝ፣ የመነነው፣ መካን የቀረችው ሳይቀር።
«የተሻገረ የለም» አሉ፣ ቆረጥ አርገው እንደ ክር።

ጣታቸውን ያዝሁ፣ በወረቀቱ ላይ በቀስታ ሳብሁት፣
በኛ ሐረግ፣ ከዚያ በማዶው፤ መሃል ላይ ለቀቅሁት።
«አያ፣ ደሙ እዚህ ጋ አንዲት ሴት ትጎድላለች ይላል።»

ከዘራቸውን አሻሹ። ቆዩ።
«እንጉዳይ» አሉ። «ያባቴ እኅት። ከአሞሌ ነጋዴ ጋር ተሻገረች።
ሙግቱ ሲነሣ፣ ልጆቿ እንዳይካፈሉ መስቀል ጨብጬ ማልሁ፣
እንጉዳይ የምትባል አልተወለደችም አልሁ።
ረታሁ። ሁለት ጥማድ መሬት።
ባመቱ ደርግ ወረሰው።»

ለይታይሽ ነገርኋት።
«መድኃኒቱ ተገኘ?»
«አልተገኘም።»
«ታዲያ ምን አገኛችሁ?»
«ማዶ አንዲት ልጅ፣ እንዳንቺ ሲመሽ የሚጨልምባት።»
ጀንበር ወደ ገደሉ አዘነበለች፤ እጇ እጄን ፈልጎ አገኘ።
«ስሟ ማነው?»

ስም አንላላክም፤ ደንቡ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈቅደው።
ዛሬ ማታ ግን፣ መብራት ካለ፣ እጽፋለሁ፦
«ሶሬቲ፣ ቤተሰቧን አስፈቅጂና ስሟን ላኪልን።
እኅቷ ጠየቀችሽ።»