ደጅ

ከማኅበሩ ቢሮ ወረቀት መጣልኝ፣
"ለነገ ባማርኛ መልሺው" የሚለኝ።
"ሐሙስ ጠዋት ዴንቨር፣ ወርቅ ጉልላቱ ሥር፣
ቁርስ ቤት ይበላ፣ መታወቂያ አይቅር።"
ይሄ ሁሉ ቀሎኝ ባንዲት ቃል ላይ ቀረሁ፣
እንደ ዓሣ አጥንት ናት፣ ውጬም ተፍቼም አየሁ፦
ሎቢ ማድረግ።

"ማግባባት" አልኩና ጽፌ ሳነበው፣
ባልና ሚስት ታዩኝ፣ ሽማግሌው መሐል ነው፤
ሰረዝኩት።
"ማባበል" አልኩ ደግሞ፤ ሕፃን አለቀሰ፣
እጄ ከረሜላ ሊሻ ኪሴን ዳበሰ፤
ሰረዝኩት።
"ጉትጎታ" ክርን አለው፣ የሰው ጎን ይወጋል፤
"ውትወታ" ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ ያድራል።
"ምልጃ" ብዬ ነበር፤ ጧፍ ጧፍ ሸተተኝ፣
ለምክር ቤት ሰው ስለት? ብቻዬን አሳቀኝ።
"እጅ መንሻ"ን ዘለልኩ። እሷማ እዚህ አገር
ደረሰኝ ቆርጣለች፣ የለም የሚሰወር፤
"መዋጮ" ይሏታል፣ የራት ግብዣም አላት፣
ሳህኑ በሺህ ዶላር የሚቀርብበት።

ሲመሽ እታፈራሁ ጋ ደወልኩ፣
ሆስፒታል፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከመጥረጊያዋ ጋር።
"ደጅ መጥናት ነዋ!" አለች፣ ሳትውል ሳታድር፤
"ምን ያስጨንቅሻል? የኖርንበት ነገር!
አያቴ ስለ ርስቱ ሰባት ዓመት ጠና
ከደጃዝማቹ በር፣ ፀሐይ ዝናብ ሳይል፣
አጋፋሪው ስሙን እስኪያውቀው፣
ውሻው ለምዶት መጮኽ እስኪተው።"
"ተፈረደለት ወይ?"
"ደጃዝማቹ ተሻሩ።
ካዲሱ ሹም ደጃፍ እንደገና አሀዱ፣
ካዲስ ውሻ ጋራ።"

ተከራከርኳት። ደጅ መጥናት ወገብ ያጎብጣል፣
እኛ ግብር ከፋይ፣ ማን ለማን ይሰግዳል?
"ይሁና" አለች። የባልዲዋ ውሃ በስልኩ ይሰማል።
"ስሙን አንቺ ፈልጊው፤ መቆሙን እግሬ ያውቃል።"

ሐሙስ። ሃያ ሰባት ሰው፣ ካንድ አውቶቡስ ወርደን፣
በእብነ በረዱ ላይ የበረዶ ኩሬ ሠርተን
ስንቆም፣ ጫማቸው ድምፅ የሌለው ሰዎች አለፉ፣
ሳያንኳኩ ገብተው ከየሶፋው አረፉ።
"ባለሟሎች" አለች እታፈራሁ ቀስ ብላ፣
ሌሊቱን ያጣሁትን ባንድ ትንፋሽ ጠቅልላ።

ጥበቃው መጣና፣ "መተላለፊያው ይለቀቅ፤
ሎቢ ውረዱና እዚያ ነው መጠበቅ።"
በሊፍቱ ወረድን። አዝራሩ ላይ ኤል ተጽፏል፤
ጣቴን እዚያ አሳርፌ ሳቅ ሳቅ ይለኛል።
ያን ሌሊት ያባነነኝ፣ የሰረዝኩት፣ የጻፍኩት ቃል
ለካ ቦታ ነው፤ ከምድር ቤቱ በር አጠገብ
ሰው የሚቆምበት።
ደጅ ነው። እሷ ያለችው።

ተወካይዋ ወጣች። ሦስት ደቂቃ ነው ያላት።
እታፈራሁ "አንቺ" አለች፣ እንደ ልጇ ቆጥራት፤
እንግሊዝኛ አንቺ የለው፣ እሱ መንገድ ቀረ።
"ሥራዬ የሚያልቀው ሌሊት ስምንት ሰዓት፣"
(ስድስቱን ቀንሼ ሁለት ብዬ ሰጠኋት)
"አውቶቡሱ ቀድሞኝ ይተኛል።
ኮልፋክስን በእግሬ ነው፣ አርባ ደቂቃ፣ በረዶ ሲጥል።
ከኋላዬ መኪና ሲያዘግም
ቁልፌን በጣቶቼ መሐል እጨብጣለሁ።
ሁለት ሰዓት ያምሽልኝ። ይኸው ነው።"

ጆሮ ዳባ ልበስ አላለችም፤ ጻፈች።
"ለኮሚቴ ይመራል" አለች።
ኮሚቴ የሚለውን መተርጎም አላስፈለገም፤
ሃያ ሰባታችንም ባንድ ላይ ተነፈስን።

ወረቀቱስ? "ሎቢ" እንዳለ ነው የላክሁት።
እስከ መጋቢት አምስት ሐሙስ ተመላለስን።
በአምስተኛው ጥበቃው "ኢታ" ብሎ ጠራት፤
አምባሯን ከበሩ ቀድማ ማውለቅ ለምዳ፣
የብረት መፈተሻው መጮኽ ተወላት።