በመሃል ይገባል

ደብረ ብርሃን፣ የማታው ክፍል፣ ሰባተኛ ለ፤
መብራት ሄዶ መጣ፣ ጠመኔው ግን አለ።
በበር ሥር የሚገባው የኅዳር ውርጭ ደግሞ
ከተማሪው እኩል ወንበር ይዟል ቀድሞ።

አሰገደች መጣች ከቀኑ ፈረቃ፣
እግሯ ብቻ ነቅቶ፣ ራሷ ሳትነቃ፤
የፋብሪካው ሱፍ ቅንድቧ ላይ እንዳመዳይ ነጥቶ፣
ይታገሱ ልጇ ትከሻዋ ላይ ተኝቶ።
ከኋላ አግዳሚ ላይ አስተኛችው፤ አጥፋ
አለበሰችው፣ ጠርዙ ጠምሞ ከገበያ የተገፋ
ብርድ ልብስ።

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ «ጊቭ አፕ»።
«‹ጊቭ› መስጠት ነው፤ ‹አፕ› ደግሞ ላይ፤
ሁለቱ ሲጋቡ ግን የየግላቸው ነገር የለም፦
መተው ነው፣ ተስፋ መቁረጥ፣ እጅ መስጠት ወይም።»

ሸዋንግዛው ዘበኛው ከጥግ ሆኖ ሳቀ፤
«መምህር፣ ወደ ላይ ሰጥቶ ሰው እንዴት ወደቀ?»

«አንተስ» አልኩት፣ «መናኸሪያ ሄደህ ትኬት ትቆርጣለህ፣
አውቶቡሱ ሲቀር ተስፋ ትቆርጣለህ፣
ለበግህ ዋጋ፣ ለሠርግህ ቀን ትቆርጣለህ፤
በየትኛው ቢላ?»
ክፍሉ ሳቀ። ሳቅም ትንሽ ያሞቃል።

ወደ ሕጉ ገባሁ፦
«‹ጊቭ አፕ›ን የሚከተል ግስ ‹ኢንግ› ይለብሳል፤
ተውላጠ ስም ሲመጣ ግን ወጉ ይለወጣል፦
‹ሂም› ቢሆን፣ ‹አስ› ቢሆን፣ ከኋላ አይቆምም፣
ደጅ አይጠናም፤
በመሃል ይገባል።
‹ጊቭ አፕ ሂም› ስህተት ነው፤ ‹ጊቭ ሂም አፕ› በሉ።
እንደ ሕፃን ልጅ ነው፣ ሌሊት ሲበርደው
እናትና አባቱን ገፍቶ መሃል የሚያድረው።»

አሰገደች እርሳሷን አቆመች።
አንድ ወገኑ ባዶ የሆነ አልጋ
መሃሉ የት እንደሆነ አስባ ይሆናል።
እኔ ቀጠልኩ፤ ደወሉ ሊደወል አሥር ደቂቃ ነበር።
«ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ለሐሙስ።»

ሐሙስ ሌሊት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣
የሸዋንግዛውን ውሻ ለጅብ እጅ ሲሰጥ አገኘሁ፤
ትናንት የሆነውን ዛሬ አድርጎት፣ ‹ጊቭ› ብሎ፤
‹ጌቭ› ብዬ ውሻውን ወደ ትናንት መለስኩት።

የአሰገደች አንደኛ፦ ባሏ ማጨስ ተወ።
‹ኢንግ› በቦታው አለ። ራይት።
ሁለተኛ፦ እኛንም ተወ።
‹አስ›ን ከኋላ ቆማ አገኘኋት፣
በቀይ ቀስት ጎትቼ መሃል አስገባኋት።
ሦስተኛ፦ «አይ ዊል ጊቭ ሂም አፕ ኦን ሳተርዴይ።»
ቅዳሜ እሰጠዋለሁ።
‹ሂም› መሃል ገብቷል። አንድ ፊደል አልጎደለም።
ትልቅ ራይት አሰመርኩ፣ ከሥሩ «ጎበዝ!» ብዬ፣
ደስ ብሎኝ ተኛሁ፣ መምህር ነኝ ብዬ።

ዓርብ፣ ፋብሪካው በር ላይ፣ ሸዋንግዛው ነገረኝ።
የባሏ ዘመዶች ከሞላሌ ሽማግሌ ልከዋል፦
«የሌሊት ፈረቃ ሲደርስሽ ልጁ ከማን ያድራል?
እኛ ጋ ላም አለ፣ ገብስ አለ፣ ዘመድ አለ፤ ልጁን ስጪ።»
ቀን ተቆርጧል።
እኔ ደግሞ «ጎበዝ» ብያለሁ።

ቅዳሜ መናኸሪያው አጠገብ ሁለቴ አለፍኩ፤
ጥፍር መቁረጫ የምገዛ መስዬ።
አላየኋትም። የሞላሌው መኪና ሞልቶ ወጣ።

ሰኞ ማታ አርፍዳ ገባች።
ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ ገለጠችው፦
ከ‹ዊል›ና ከ‹ጊቭ› መካከል፣ ከመስመሩ በላይ፣
በጥቁር እስክሪብቶ፣ ቦታ አጥታ ተጨናንቃ፣
አንዲት ‹ኖት›።

«በመሃል ይገባል፣ አይደል መምህር?» አለች።
«ይገባል» አልኩኝ።
ሌላ ቃል በአማርኛም አልመጣልኝም።

ራይቱን አልሰረዝኩትም፤ «ጎበዝ»ም እዚያው ነው፤
ለየትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ግን ቀን የለውም።
ከኋላ አግዳሚ ላይ ይታገሱ ሲገላበጥ
ጠማማው የብርድ ልብስ ጠርዝ ወለል ነካ፤
ሸዋንግዛው ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ተነሣና
ወደ ላይ
ሰጠው።