የገመዱ ፍቺ

ሠላሳ አንድ ዓመት ችሎት ፊት ቆሜያለሁ፤
የሰው ትዳር ሲፈርስ፣ ከፍርስራሹ ላይ ደሞዝ ለቅሜያለሁ።
ሚስትን በባል ላይ፣ ባልን በሚስት ላይ አስመስክሬ፣
በመስቀለኛ ጥያቄ እናትን በእናቷ ፊት አሳፍሬ፣
«አሸነፍን» ብዬ የደንበኛዬን እጅ ደረጃው ላይ ጨብጬ፣
ሌሊቱን ግን አነጋው ነበር፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ።

ጠበቃ ይሉኛል፤ ምኑን ጠበቅሁላቸው?
ቤቱን ሸጡ ለኔ፣ ጠቡ ቀረላቸው።

አሁን ሉነንበርግ ነኝ፤ ከወደቡ በላይ፣ ቀይ ከተቀባው ቤት፣
ክብ ጠረጴዛ አለኝ፣ ራስጌና ግርጌ የማይታወቅበት።
ከጎኔ ዌንደል ኮርከም፣ ሎብስተር አጥማጁ፣ ጨው ያነጣው እጁ፤
ፊት ለፊት ዳርሊን፣ ጣቷ ላይ የቀለበት ሰንበር፣ በስልኳ ፊት የሚስቀው ልጁ።
ከእሷ ጋር ፊኒያስ ሞስማን አለ፣ የጥንት ባላጋራዬ፤
ሃያ ጊዜ ወግቶኛል፣ ወግቼዋለሁ በተራዬ።

ዛሬ ግን አራታችንም አንድ ወረቀት ፈረምን፦
ነገሩ እዚህ ካልተፈታ፣ ፍርድ ቤት ከሄደ፣
እኔና ፊኒያስ ከነገሩ ወጣን።
ወጣት ጠበቆች ይሥቃሉ፦ «ጎራዴውን ሰቅሎ ጦርነት የወጣ!»
እኔም እሥቅ ነበር፣ ዐይኔ እንቅልፍ ሳያጣ።

ቤቱ አላስቸገረም። ጡረታውም። መኪናው እንኳ በአንድ ቃል አለቀ።
ያስቸገረችው ጀልባዋ ናት።
ገማቹ ሞተሯን፣ ቀፎዋን፣ የማጥመጃ ፈቃዷን ቆጠረ፤
በነጭ ቀለም የተጻፈባት ስም ግን ሳይገመት ቀረ፦
ዳርሊን።

«ጀልባዋን ውሰዳት፤ ስሜን ግን ፋቀው» አለች።
«የጀልባ ስም መፋቅ መዓት ይጠራል» አለ፣ «አባቴም አያቴም አልሞከሩትም፣ ባሕር አትምርም።»
ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም።

በድሮው ቀኔ ቢሆን ያን ጸጥታ እንደ ቢላ ባነሣሁት ነበር፤
«ባሕር ላይ ለሚውል ሰው መዓት የምትመኝ ሴት፣ ልጅ ታሳድጋለች?» ብዬ በጠየቅሁ ነበር።
ፊኒያስ አየኝ። አየሁት። ጥያቄዋን ሁለታችንም እናውቃታለን፤
ሁለታችንም ዋጥናት፤ ዝም አልን።

ያኔ የልጆች ባለሙያዋ ሮዋን ማስታወሻዋን ገለጠች፤
ኮልቢ፣ የዘጠኝ ዓመቱ፣ የነገራትን አንድ መስመር አነበበች፦
«የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዬ በየትኛው ቤት ነው የሚደርቀው?»
ለዚህ የሚሆን አንቀጽ
እኔም ፊኒያስም አልነበረንም የምንጠቅሰው።

ዌንደል ከኪሱ ቁራጭ ገመድ አወጣ፤ ሲጨንቀው ልማዱ ነው፤
ቋጠረ፣ ፈታ፣ ቋጠረ፣ ፈታ፤ ጣቶቹ ያውቃሉ፣ ሐሳቡ ባሕር ላይ ነው።
«አባቴ» አለ፣ «ገመድ በቢላ የሚቆርጥ መርከበኛ ሰነፍ ነው ይል ነበር፤
ቢጠብቅም ታገሥ፣ በጥፍርህ ጀምር፤ የቆረጥከው ነገ ያጥርሃል ይል ነበር።»
«ገመዱ እኔ ነኝ?» አለች ዳርሊን፤
ሣቀች፤ ከገባች ጀምሮ የመጀመሪያዋ፤
ልቅሶ ነበረበት ሣቁ፤ ቢሆንም ሣቅ ነው፣ የራሷ።

ስሙ እስከ ግንቦት ይቆይ፤ ወቅቱ ሲዘጋ፣ ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ፣
ዳርሊን ራሷ በእጇ ትፋቀው፤ አዲሱን ስም ኮልቢ ያውጣ።
የጫማ ማድረቂያ ሁለት ይገዛ።
ይህንንም ጻፍኩት፣ ከጡረታው አንቀጽ በታች፣ ቁጥር ሰጥቼ።

አልዋሽም፤ ሁሉ እንዲህ አያልቅም።
ባለፈው ጥቅምት አንዱ ወንበሩን ገልብጦ ወጣ፤ የስድስት ወር ድካም ከንቱ ቀረ።
እጅ የተነሣበት ቤትማ ዳኛ ያሻዋል፤ ክብ ጠረጴዛ አይበቃውም፤
ይህን ሳልለይ የቀረሁባትን አንዲት ሴት ዛሬም አልረሳትም።

ሁሉም ወጡ። ዌንደል ገመዱን ረስቶታል፤
አንድ ቋጠሮ ቀርቶበታል።
መብራቱን ሳላጠፋ በጥፍሬ ጀመርኩት።
ጠብቋል።
ጠበቃም ይጠብቃል።