በመጫንና በመልቀቅ መካከል

ሌይደን ነው፣ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ ከጎን ይመታል፤
የድልድይ ጠባቂው ክፍል ዓሣ ዓሣ ይሸታል።
ሌንደርት ይባላል ሰውየው፤ ጡረታው ደርሷል፣ አልወጣም፤
ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ስለ እጁ ግን አያወራም።

ባለፈው ሰኞ አንዴ ጠቅ ሲል ሁለቴ ተቆጠረበት፤
ድልድዩ ተነሣ፣ ቆመ፤ ብስክሌተኛ ጮኸበት።
«ፕሮግራሙ ነው» አልሁት፣ የጻፍሁት እኔ ነኝና።
«እጄ ነው» አለኝ፣ ወደ ውሃው ዞረና።

የተዘጋጀ ቁልፍ አለ፣ ግራጫ፣ አራት ማዕዘን፤
ለሁሉም ልክ የተሰፋ፣ ለማንም ልክ የማይሆን።
ተውሁት። ከባዶ ገጽ ላይ ራሴው ልሥል ጀመርሁ፤
ሰፊ ክብ፣ ጠርዙ ደማቅ፣ መሐሉን አረንጓዴ አደረግሁ።

ግን ማሽን ክብ አያውቅም። ለእሱ ሁሉም ሣጥን ነው፤
ቀለም ያልደረሰው ጥግም «አቤት» ይላል ለነካው።
ከእምብርቱ እስከ ማውሱ ቀስት ርቀቱን ለካሁለት፤
ካለፈ «ያንተ አይደለም» ብዬ ድንበሩን አሳየሁት።

ሥዕሉም የራሱ ሕግ አለው፦ ባሰኘህ ጊዜ አትሥልም።
«አርጅቷል» ብለህ ታመለክታለህ፤ እስክትጠራ ትጠብቃለህ።
ሌላ መስኮት ካለፈበት ጠፍቷል፤ እንደገና ከዜሮ ነው።
ሺህ ጊዜ የሣልሁት ክብ ለሌንደርት አንድ ክብ ነው።

ከሁሉ የከበደችኝ ግን ይህቺ ጠቅ የምትባል ናት።
አንድ ድምፅ ትመስላለች፤ ሁለት ናት፦ መጫን፣ መልቀቅ፤
መሐሏ ላይ ስንጥቅ አለ፣ ጸጸት ብቻ የሚያሳልፍ፣ ጠባብ።
ሲጫን ምንም አላደርግም፤ ቀለሙን ብቻ አጠቁራለሁ፤
ሲለቅ፣ ያውም ከክቡ ውስጥ፣ ያኔ ትእዛዙን አደርሳለሁ።
ጣቱን ሳያነሣ ጎትቶ ውጭ ከለቀቀው፣ ቀረ።
ለመንቀጥቀጡም ግማሽ ሰከንድ አስቀምጫለሁ፤
እዚያች ውስጥ የመጣች ሁለተኛ ጠቅታ አልሰማትም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይላሉ።
ለወንድሜ ባለፈው ሌሊት የላክሁትን እኔ አውቃለሁ።
ከክብ የወጣ ግን ይማራል።

ዛሬ ጠዋት አሸዋ የጫነ ጀልባ መጣ፣ ጥሩንባ ነፋ።
ሌንደርት ተጫነ። አረንጓዴው ጠቆረ።
በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴት የልጅ ጋሪ እየገፋች
ከሚወርደው አግዳሚ ሥር ጎንበስ ብላ አለፈች።
አየሁት፦ ቀስቱ እየተንቀጠቀጠ ከክቡ ወጣ፣
ግራጫው ጥግ ደረሰ፤ እዚያ ለቀቀ።
ክቡ እንደገና ተሣለ፣ አረንጓዴ። ሌላ ምንም።

ጀልባው ደግሞ ነፋ።
«ይጠብቃ!» አለ ሌንደርት፤
እጁንም ኪሱ ሳይከተው፣ ጠረጴዛው ላይ ተወው።